የዊንስሎው ሆመርን ሥዕሎች በመስቀለኛ ጥልፍ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንስሎው ሆመር የሣላቸውን ጀልባዎች፣ ማዕበሎችና የገጠር ልጆች በባለ ካሬ ንድፍ አውጥተው የሚጠልፉ ብዙ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት፣ ንድፉን ራሳቸው ለማውጣት ወይም የተዘጋጀ ገዝተው ለመጀመር ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ክር ስንል ባለ ስድስት ዘለላውን የጥጥ ክር ነው፤ የቀለም ቁጥሮቹ ዲኤምሲ የተባለው የክር አምራች የሚሰጣቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሆመር ማን ነው? ሥዕሎቹስ ለጥልፍ ለምን ይመቻሉ?

በ1836 ቦስተን ተወልዶ በ1910 በሜይን ግዛት፣ ፕራውትስ ኔክ በተባለ የባሕር ዳርቻ ያረፈ ሠዓሊ ነው። በወጣትነቱ ቦስተን ውስጥ በአንድ የሊቶግራፍ ማተሚያ ቤት ተለማማጅ ነበር። ከዚያ «ሃርፐርስ ዊክሊ» ለተባለው ሳምንታዊ መጽሔት መሣል ጀመረ፤ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነትም ለዚሁ መጽሔት በሥዕል ዘግቧል። ለጥልፍ የሚመቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ለጥቁርና ነጭ ኅትመት የሚሣል ሰው ሥዕሉን የሚያቆመው በብርሃንና በጥላ ነው፤ ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሆመር ሥዕል ወደ 25 ቀለም ቢወርድም ምን እንደሆነ ይታወቃል። ቀለሙ እየተንሳፈፈ ቅርጹን የሚያደበዝዝ የሌላ ሠዓሊ ሥራ ግን በ90 ቀለምም አይነሣም።

ሌላው ጥቅም ሰዎቹ ናቸው። ብዙዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አንገታቸውን አዙረው ወይም ባርኔጣ ጥላ ጥሎባቸው ነው የሚታዩት። ፊት ለመጥለፍ ከሁሉ አስቸጋሪ ስለሆነ ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ሥዕል ልምረጥ?

«ዘ ቬተራን ኢን ኤ ኒው ፊልድ»። በ1865፣ ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት የተሣለ ነው፤ ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ስንዴ ያጭዳል፤ ፊቱ ጨርሶ አይታይም። ከላይ የሰማይ ሰቅ፣ መሐል ላይ የቆመ ስንዴ፣ ከታች የታጨደው፤ በቃ። በቀኝ በኩል ግርጌው ላይ ወታደራዊ ኮቱና የውሃ ኮዳው ወድቀዋል፤ ንድፉን ሲያሳንሱ እነዚህ እንዳይጠፉ ብቻ ይጠንቀቁ። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ሆመር ማጭዱን መጀመሪያ ባለ ብዙ ጣት አድርጎ ሥሎት ነበር፤ በኋላ ጣቶቹን በቀለም ሸፍኖ ባለ አንድ ስለት አደረገው። ከጊዜ ብዛት የሸፈነው ቀለም ስለሳሳ የድሮው መስመር በስሱ ይታያል። ኮምፒውተሩ ይህን ደብዛዛ መስመር እንደ ተዘሩ ግራጫ ካሬዎች አድርጎ ያወጣዋል። እነሱን በዙሪያቸው ባለው ቀለም ይተኩ።

«ስናፕ ዘ ዊፕ» (1872) ሁለተኛ ሥራ ቢሆን ይሻላል። ከቀይ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሮጡ ባዶ እግር ልጆች ናቸው። ሥዕሉ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ ይበሉ፦ ትልቁ (55.9 በ91.4 ሴንቲሜትር) በኦሃዮ ግዛት ያንግስታውን ከተማ በበትለር ተቋም፣ ትንሹ (30.5 በ50.8) በሜትሮፖሊታን አለ። ከልጆቹ በስተኋላ ያለው መልክዓ ምድር ስለሚለያይ የአንዱን ንድፍ በሌላው ፎቶ ማመሳከር ግራ ያጋባል።

«ዘ ገልፍ ስትሪም» እና «ኖርዝኢስተር» ለጀማሪ አይሆኑም። ውሃው ብቻ ከሥዕሉ ግማሽ በላይ ነው፤ ውሃ ደግሞ የሚደጋገም ቅርጽ የለውም።

የቅጂ መብት ችግር የለበትም? ፎቶውንስ ከየት ላውርድ?

ሆመር ካረፈ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ ሥዕሎቹ የሕዝብ ሀብት ናቸው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሚቆጠረው ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 70 ነው። በሁለቱም አልፏል።

በስም መመሳሰል ከኤድዋርድ ሆፐር ጋር የሚያምታቱት አሉ። ሆፐር ያረፈው በ1967 ስለሆነ 70 ዓመት በሚቆጥሩ አገሮች ጥበቃው እስከ 2037 መጨረሻ ይዘልቃል። አንድሩ ዋይዝ ደግሞ በ2009 ነው ያረፈው፤ የእሱን ሥራ ያለ ፈቃድ ወደ ንድፍ መቀየር አይቻልም።

ፎቶውን በቀጥታ ከሙዚየሙ ድረ ገጽ ያውርዱ። ሜትሮፖሊታን ከ2017 ጀምሮ፣ የዋሽንግተኑ ናሽናል ጋለሪ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ የሕዝብ ሀብት የሆኑ ሥዕሎችን ትልቅ ፎቶ በነጻ ይሰጣሉ። ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ተጋንኗል። የሆመር ግራጫ ባሕር ሰማያዊ ሆኖ፣ ሰማያዊው ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ክር ቢመርጡ አይስተካከልም።

የሥዕሉ ነጻ መሆን የተዘጋጀ ንድፍን ነጻ አያደርገውም። ሌላ ሰው ለፍቶ ያወጣው ባለ ካሬ ንድፍ የዚያ ሰው ነው። አንድ ገዝቶ በቴሌግራም ቡድን ማሰራጨት ስርቆት ነው።

ንድፉ ስንት ካሬ ይሁን? ጨርቅስ ምን ያህል ልቁረጥ?

መጀመሪያ የሚወሰነው የጎኑ ካሬ ብዛት ነው፤ ጨርቁ ይከተላል። የ«ቬተራን» ሥዕል 61.3 በ96.8 ሴንቲሜትር ነው። ወርዱን 200 ካሬ ካደረጉ ቁመቱ 127 ይሆናል፤ ድምሩ 25,400 ስፌት ነው። በ14 ቆጠራ አይዳ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 14 ካሬ ባለው ጨርቅ፣ ሲያልቅ 36.3 በ23 ሴንቲሜትር ይወጣል። የትልቁ «ስናፕ ዘ ዊፕ» ወርድ 300 ሲሆን ቁመቱ 183 ነው፤ 54,900 ስፌት። በ14 ቆጠራ 54.4 በ33.2፣ በ18 ቆጠራ 42.3 በ25.8 ሴንቲሜትር ይሆናል።

ስሌቱ ይህ ነው፦ የካሬውን ብዛት በጨርቁ ቆጠራ ያካፍሉ፤ የተገኘውን በ2.54 ያባዙ። ከዚያ በየጎኑ 7.5 ሴንቲሜትር ይጨምሩ። ለ«ቬተራን» 51 ወይም 52 በ38 ወይም 39 ሴንቲሜትር ይቁረጡ ማለት ነው። ትርፉን የሚሰስቱ ሰዎች የሚቸገሩት መጨረሻ ላይ፣ ካርቶን ላይ ሲወጥሩት ነው፤ አራት ሴንቲሜትር ትርፍ ለመጨበጥም አይበቃም።

ከ200 በታች ማሳነስ ብዙም አይመከርም። በ120 ካሬ ላይ የሰውየው ማጭድ የተቆራረጠ መሰላል ይመስላል።

ፎቶውን በፕሮግራም ስቀይረው ንድፉ ለምን ይዥጎረጎራል?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው። ፕሮግራሙ ሥዕሉን «አያይም»። ለእያንዳንዷ ነጥብ (ፒክሰል) የሚቀርበውን የክር ቁጥር ብቻ ይመርጣል። የብሩሽ ጭረት፣ የሸራው ድርና ማግ፣ የቀለሙ ስንጥቅ፣ ፎቶው ሲታመቅ የገባበት ሻካራነት፣ ሁሉም ለእሱ ቀለም ነው። ውጤቱ በአንድ ካሬ ብቻ ቀለም የሚለወጥበት፣ ኮንፈቲ የሚባለው ብትንትን ስፌት ነው። መርፌ ላይ ክር መቀያየር ስፌቱን ከመስፋት በላይ ጊዜ ይበላል፤ የጨርቁ ጀርባም በክር ጫፍ ይደድራል።

መፍትሔው ከቅየራው በፊት ይጀምራል። ከሙዚየም የሚወርደው ፎቶ በሺዎች የሚቆጠር ነጥብ ወርድ አለው። እሱን በቀጥታ ለንድፍ ፕሮግራሙ ከሰጡት አንዳንዱ ፕሮግራም ከየአካባቢው አንዲት ነጥብ ብቻ አንሥቶ ሌላውን ይጥላል፤ ያነሣት ነጥብ ስንጥቅ ላይ ከወደቀች ካሬው ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ፦

1. በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ፍሬሙንና የሸራውን ጠርዝ ይከርክሙ፤ በትንሹ ያደብዝዙት።
2. በዚያው ፕሮግራም ወርዱን ልክ በንድፉ ካሬ ብዛት ያሳንሱ፤ 200 ካሬ ከሆነ 200 ነጥብ። ሲያሳንስ አጎራባች ነጥቦችን የሚያማክለውን ምርጫ ይውሰዱ።
3. ወደ ስቲች ፊድል፣ ፒክ ቱ ፓት ወይም ወደ ለመዱት ፕሮግራም ሲያስገቡ «ዲተሪንግ» የሚለው ምርጫ ካለ ያጥፉት። ይህ ምርጫ ሁለት ቀለም እያፈራረቀ ሦስተኛ የሚያስመስል ስለሆነ ብትንትኑን ሆን ብሎ ነው የሚፈጥረው።
4. ከ30 ቀለም ይጀምሩ። ሲያንስ ይጨምሩ፤ ከ90 ጀምሮ መቀነስ ሁልጊዜ ይከብዳል።
5. ከ20 ስፌት በታች ያለውን ቀለም ሁሉ ይመርምሩ። አብዛኛው ወደ ጎረቤቱ ቀለም ይቀላቀላል።
6. የቀረውን በእጅ ያጽዱ።

ስድስተኛውን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ጥሩ ንድፍና መጥፎ ንድፍ የሚለዩት ግን እዚያ ነው። ጽዳት ማለት ደግሞ ሁሉንም ብቸኛ ካሬ ማጥፋት አይደለም። ሆመር ራሱ ያስቀመጣት ነጥብ አለች፦ የማዕበል ጫፍ ብልጭታ፣ የባርኔጣ ጠርዝ ብርሃን። እነሱ ከጠፉ ሥዕሉ ይሞታል። ትልቁን ፎቶ ከጎን ከፍተው እያንዳንዱን ያመሳክሩ።

ስንት ቀለም ይበቃል?

ብዛቱ ሳይሆን የብርሃን ደረጃው ነው ወሳኙ። ለመፈተን፣ ሥዕሉንም ንድፉንም በስልክ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከጥቁር እስከ ነጭ ስድስት ወይም ሰባት ደረጃ በግልጽ ከታየና ቦታቸው ከተመሳሰለ ንድፉ ይሠራል። ጥላው ሁሉ አንድ ላይ ተጣብቆ ከጠቆረ፣ ወይም ብርሃኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ 20 ቀለም ቢጨምሩም መፍትሔ አይሆንም፤ ከጨለማው ጎን ሁለት፣ ከብርሃኑ ጎን ሁለት ክር በእጅ መምረጥ ነው።

ለ«ቬተራን» 25፣ ለ«ስናፕ ዘ ዊፕ» ከ45 እስከ 60 ይበቃል። ለስንዴው 677፣ 676፣ 729 እና 680 ከብሩህ ወደ ጨለማ በቅደም ተከተል ይሄዳሉ፤ ጥላው ውስጥ 420 እና 869 ይጨመራሉ። ፕሮግራሙ ደማቅ ቢጫ ከሰጠዎት ፎቶው ተጋንኗል ማለት ነው፤ ክሩን ሳይሆን ፎቶውን ይቀይሩ።

«ዘ ፎግ ዎርኒንግ»ን ስሠራ ባሕሩ ጭቃ ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

ይህ በ1885 የተሣለ፣ ቦስተን በሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለ ሥዕል ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ያጠመዳቸውን ትልልቅ ዓሦች ጭኖ እየቀዘፈ፣ ከአድማሱ የሚመጣውን ጉም አንገቱን አዙሮ ያያል። ቀለሙ ሁሉ ግራጫ ነው፤ ግን ግራጫው አንድ ዓይነት አይደለም። ጭቃ የሚሆነው ፕሮግራሙ ሰማያዊ ያዘለውን፣ አረንጓዴ ያዘለውንና ንጹሑን ግራጫ እንደ አንድ ቤተሰብ ደባልቆ ሲያወጣቸው ነው።

ቤተሰቦቹን በቦታ ይለዩዋቸው። ለሰማዩና ለጉሙ 413፣ 414፣ 318፣ 415፣ 762። ለውሃው አካል 924፣ 3768፣ 926፣ 927፣ 928፤ እነዚህ አረንጓዴ ያዘሉ ናቸው። ሰማያዊ ያዘሉት 3750፣ 930፣ 931፣ 932 ከማዕበሉ የሰማይን ብርሃን የሚቀበለው ጎን ላይ ይግቡ። አንድ ማዕበል ላይ ከሁለት ቤተሰብ በላይ አይቀላቅሉ። ለዓሦቹ ነጭ ሆድ የሚሆነው ነጭ ክር ሌላ ቦታ ላይ እንዳይበዛ ይጠንቀቁ፤ በዚህ ሥዕል ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

በሁለት ክር መካከል ያለ ደረጃ ሲያስፈልግ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ዘለላ በአንድ መርፌ ያስገቡ። ለምሳሌ 926 እና 927 አንድ ላይ ሲገቡ የመሐሉን ይሰጣሉ። ለጉም የተሻለ ዘዴ የለም።

በ«ዘ ገልፍ ስትሪም» ላይ የሰውየው ቆዳ አንድ ጥቁር ነገር ሆኖ ወጣ።

ሥዕሉ በ1899 የተሣለ ነው፤ ምሰሶው በተሰበረ ጀልባ ላይ የተጋደመ ጥቁር ሰው፣ በዙሪያው ሻርኮች፣ በሩቅ ከባሕሩ ወደ ሰማይ የቆመ የውሃ ዐውሎ ይታይበታል። የፕሮግራሞች የቀለም ምርጫ ሰፊውን ቦታ ለያዘው ያደላል። እዚህ ሰፊው ባሕሩ ነው። ሰላሳ ቀለም ከጠየቁት ሃያ አምስቱን ለውሃ ሰጥቶ ለቆዳው ሁለት ቡናማ ብቻ ሊተው ይችላል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ በሁለት ቡናማ ቅርጽ አይወጣለትም።

ሰውየውን ለብቻው ይቁረጡና ለብቻው ይቀይሩት፤ ለእሱ ብቻ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቀለም ይመድቡ። 3371፣ 938፣ 898፣ 801፣ 433፣ 434፣ 435 በቅደም ተከተል ከጨለማ ወደ ብርሃን ይሄዳሉ። ብርሃን የሚመታው ትከሻና ደረት ላይ 436 በጥቂቱ ይግባ። ጥቁር ክር 310ን ቆዳው ላይ አይጠቀሙ፤ ቀዳዳ ይመስላል። ሰማይ የሚያንጸባርቅበት ጠርዝ ካለ ከ3750 አንድ ዘለላ ከ938 አንድ ዘለላ ጋር ቀላቅሎ መስፋት ከየትኛውም ቡናማ ይበልጣል። ከዚያ ክፍሉን ወደ ዋናው ንድፍ ይመልሱት። በ300 ካሬ ወርድ ፊቱ ጥቂት ካሬ ብቻ ስለሚሆን ዓይንና አፍ ለማውጣት አይታገሉ፤ ብርሃኑና ጥላው ቦታቸውን ከያዙ ይበቃል።

«ዘ ፎክስ ሀንት» ውስጥ በረዶውን ነጭ ጨርቅ አድርጌ ብተወውስ?

አይሆንም። በ1893 በተሣለው በዚህ ሥዕል (ፊላዴልፊያ፣ የፔንሲልቬንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ) በረዶው ነጭ አይደለም፤ ግራጫና ቢጫ የነካካው፣ ጥላ ያለበት ነው። ባዶ ጨርቅ ከተሰፋው አጠገብ ሲሆን ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የአይዳው ቀዳዳም ከሩቅ ይለያል። 3865፣ 762፣ 415፣ 928 እና 3753 ይበቃሉ። የበረዶ ነጩን ቢ5200ን አይጠቀሙ፤ እጅግ ስለሚያበራ ሌላውን ነጭ ሁሉ ያቆሽሸዋል።

በግራ በኩል ከበረዶው ብቅ ያሉ ቀይ ፍሬዎች አሉ። እያንዳንዳቸው አንድና ሁለት ካሬ ናቸው፤ ጽዳት ላይ ተሳስተው ያጠፏቸው ብዙ ናቸው። የሆመር ፊርማም እዚያው ግርጌ አካባቢ፣ ልክ እንደ ቀበሮው በረዶው ውስጥ ሰምጦ ነው የተጻፈው። በመስቀለኛ ስፌት ስለማይነበብ በአንድ ዘለላ የኋልዮሽ ስፌት (ቀጭን መስመር በሚያወጣው) ይጻፉት፤ የታችኛው ክፍሉ እንደ ተቆረጠ ይተዉት።

ስንት ጥቅል ክር ልግዛ? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?

አንድ ጥቅል 8 ሜትር ነው፤ ስድስት ዘለላ ስላለው በሁለት ዘለላ ሲሰፋ 24 ሜትር ይሆናል። በ14 ቆጠራ አንድ ሙሉ መስቀል ከፊትም ከኋላም ተደምሮ 9 ሚሊሜትር አካባቢ ክር ይወስዳል። ብክነቱ ሲታከል አንድ ጥቅል ከ1,700 እስከ 2,000 ስፌት ያወጣል፤ ብትንትኑ ከበዛ ወደ ታች ይወርዳል። ፕሮግራሙ ለአንድ የስንዴ ቀለም 4,500 ስፌት ካለ ሦስት ጥቅል ይግዙ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር በትንሹ ሊለያይ ይችላል፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ያ ልዩነት መስመር ሆኖ ይታያል።

ልምድ ያለው ሰው በሰዓት ከ100 እስከ 150 ስፌት ይሰፋል። «ስናፕ ዘ ዊፕ» በ300 ካሬ ከ366 እስከ 549 ሰዓት ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ለሚሠራ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል።

እየተሳሳትኩ ደጋግሜ እፈታለሁ። መከላከያ አለው?

በየ10 ካሬው መስመር ያስምሩ። ቀጭን የናይለን ክር ምርጥ ነው፤ መርፌ ስለማይወጋው ሲጨርሱ ይመዘዛል። በውሃ የሚለቅ ብዕር የሚጠቀሙ ከሆነ ሳያጥቡት አይተኩሱት፤ ሙቀት ካገኘው ቀለሙ ሊቀር ይችላል። ከጨርቁ መሐል ሳይሆን ከላይ ግራ ጥግ ይጀምሩ፤ ሙሉ በሙሉ ለሚሸፈን ሥዕል መሐሉን መፈለግ ጥቅም የለውም።

ጫፉ ዱልዱም የሆነ መርፌ፣ ለ14 ቆጠራ ቁጥር 24፣ ለ16 እና ለ18 ቁጥር 26። ክሩ ከ45 ሴንቲሜትር አይርዘም፤ ረጅም ክር ይፈራገጣል፣ ይሳሳል። የላይኛው እግር በሁሉም ስፌት ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂድ። ሰማይ ላይ አሥር ስፌት ወደ ሌላ ቢያዘነብል ብርሃን ሲያርፍበት እድፍ ይመስላል፤ ብዙዎች «ቀለሙ ተለያየብኝ» የሚሉት ይህን ነው።

የመርከቡ ገመዶችስ?

«ብሪዚንግ አፕ» ላይ የሚጠየቅ ነው፤ ከ1873 እስከ 1876 የተሣለ፣ አንድ ሰውና ሦስት ልጆች በነፋስ የዘነበለች ጀልባ ላይ። ፕሮግራሙ ገመዱን የደረጃ ቅርጽ ያለው የካሬ ሰልፍ ያደርገዋል። ካሬዎቹን በሰማዩ ቀለም ይተኩና መጨረሻ ላይ ገመዱን በአንድ ዘለላ ረጅም ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጥሩት። ከ3 ሴንቲሜትር ከረዘመ መሐሉ ላይ በትንሽ ስፌት ይያዝ። ከገመዱና ከጀልባዋ ኋላ ከተጻፈው ስም በቀር የኋልዮሽ ስፌት አያስፈልግም። ሰዎቹን በጥቁር መስመር መክበብ የሆመርን ሥዕል የልጆች መጽሐፍ ያስመስለዋል።

ሸማ ላይ መጥለፍ ይቻላል?

በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ድሩና ማጉ እኩል አይቆጠርም። በሁለቱም አቅጣጫ 10 ሴንቲሜትር ለክተው ፈትሉን ይቁጠሩ፤ ድሩ 120፣ ማጉ 100 ከሆነ ሥዕሉ በአንድ በኩል 20 በመቶ ይለጠጣል፤ ልጆቹ ይወፍራሉ። ነጠላም ሆነ ጋቢ ላይ የግድ ከተፈለገ በላዩ የሚመዘዝ ካንቫስ ደርበው፣ ከሁለቱም አሳልፈው ይጥለፉ፤ ሲያልቅ አርጥበው የካንቫሱን ክር በወረንጦ አንድ በአንድ ይምዘዙ። ትንሽ ነገር ብቻ ይምረጡ፤ አንዲት ጀልባ ይበቃል።

በቀለም ብዙ መልፋት አልፈልግም። ሌላ አማራጭ አለ?

«ስናፕ ዘ ዊፕ» በእንጨት ቅርጽ ኅትመትም ሴፕቴምበር 20 ቀን 1873 በ«ሃርፐርስ ዊክሊ» ወጥቷል። የሆመር የመጽሔት ኅትመቶች በመስመር የተሠሩ ስለሆኑ ለብላክወርክ፣ ማለትም በአንድ ጥቁር ክር በመስመር ጥግግት ጥላ ለሚወጣበት ጥልፍ፣ የተሠሩ ይመስላሉ። 28 ቆጠራ እኩል ድርና ማግ ያለው በፍታ፣ 310 ክር፣ ለጨለማው ሁለት ዘለላ፣ ለሳሳው አንድ። ሦስት ወይም አራት የመሙያ ንድፍ ብቻ ይምረጡ፤ ሲበዛ ይረበሻል።

ሳጥበው ቀዩ ለቀቀ።

815፣ 498፣ 321 እና 310 ትርፍ ቀለም ሊኖራቸው ይችላል። የትምህርት ቤቱን ቀይ ግድግዳ ከመጀመርዎ በፊት ክሩን እርጥብ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ጨምቀው ይሞክሩት። ከለቀቀ፣ ንጹሕ እስኪወርድ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው ያድርቁት።

ከተሰፋ በኋላ ከለቀቀ አያድርቁት፤ ሙሉ ስህተቱ የሚፈጸመው ሲደርቅ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ውሃውን እየለወጡ፣ ቀለም መስጠት እስኪያቆም ድረስ ያቆዩት። ከዚያ በፎጣ ጠቅልለው ሳይጠመዝዙ ይጫኑት፤ እርጥብነቱ ሳይጠፋ ፊቱን ወደ ታች ወፍራም ፎጣ ላይ አድርገው ይተኩሱት። ፍሬም ሲያስገቡ መስተዋቱ ክሩን እንዳይነካ በመካከላቸው የካርቶን ክፈፍ ይግባ፤ ሙጫ ደግሞ በጭራሽ፤ በዓመታት ውስጥ ወደ ፊት ዘልቆ ቢጫ ያደርገዋል።

ሥዕሎቹን በዓይን አይቶ ክር መምረጥ ይጠቅማል?

በጣም። ዋሽንግተንና አካባቢው ለሚኖሩ ሐበሾች ቀላል ነው፤ «ብሪዚንግ አፕ» የሚገኝበት ናሽናል ጋለሪ መግቢያው ነጻ ነው። ሥዕሉ ተሰቅሎ መሆኑን አስቀድመው በድረ ገጹ ያረጋግጡ። የክር ቀለም ናሙና ያለበትን ካርድ ወደ ሥዕሉ አያስጠጉ፤ ጥበቃዎቹ ይቆጣሉ፣ ልክም ናቸው። ከሁለት ሜትር ርቀት ካርዱን በእጅዎ ይዘው፣ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው የብርሃን ደረጃውን ብቻ ያወዳድሩና ቁጥሩን ይጻፉ። ካርዱ ላይ ያለውን ክር ስልክዎ ላይ ካለው ፎቶ ጋር አያመሳክሩ።